እጅሽን ከአንገቷ ስር

ዝናቡ ኢሎይሎን ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሲወቅጣት አምሽቶ፣
ከባሕሩ የተነሣ ነፋስ የክፍሉን መስኮት ገፍቶ፣
እኔ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ነጭ ጫማዬ ርሶ፣
ደብተሬን ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ ያጠናሁት ከራሴ ፈሶ።

በሰባተኛው አልጋ ፓስየንሲያ፣ የደረቅ ዓሣ ነጋዴ፤
ካየችኝ ጀምሮ ‹ልጄ› ትለኛለች፣ ሳትሆን ዘመዴ።
ሃያ ዓመት የኖረባት እንቅርት ዛሬ ረፋድ ተቆርጦ፣
ትራሷ ከፍ ብሎ፣ አንገቷ በፋሻ እንደ ሙሽራ አጊጦ።

ግፊቷን ለካሁ፤ መቶ ሃያ በሰማንያ፤ መልካም ነው አልኩ።
ፋሻውን አየሁ፤ ደረቅ ነው፤ ጠብታ የለም፤ ደስ እያለኝ ጻፍኩ።
የልብ ምቷ ግን አመሻሹ ላይ ሰማንያ ስምንት ነበር፤
አሁን መቶ አራት። ሕመም ይሆናል ብዬ አለፍኩት፣ ሳይመረመር።

እሷ አንሶላውን ትጎትታለች፤ ትገፋለች፤ ትመልሳለች፤
‹ሞቀኝ› ትላለች፤ ‹በረደኝ› ትላለች፤ ‹ፋሻው ጠበበኝ› ትላለች።
‹ዓሣዬን ማን ሸፈነልኝ፣ በዚህ ዝናብ?› ብላ ጠየቀችኝ፤
ደግሞ ‹ልጄ፣ የሆነ ነገር ሊመጣ ነው› ብላ አየችኝ።
ሳቅኩ። ‹አይዞሽ እናቴ› አልኳት፤ አንሶላዋን አስተካከልኩ፤
የሚያስፈራትን አልጠየቅኩም፤ የሚያስተኛትን አሰብኩ።

መምህርት ማግባኑዋ ገባች፤ ጫማዋ ድምፅ የለው፣ እንደ ድመት፤
ይህን ወለል ረግጣዋለች፣ ሳትሰለች፣ ሠላሳ ዓመት።
ሰሌዳውን አላየችም። ቁጥሬን አላየችም። ሴትዮዋን አየች፤
እጇንም ከፋሻው በላይ ሳይሆን፣ ከማጅራቷ ስር ሰደደች።

አወጣችው።
ጓንቱ ቀይ ነበር።

ለካ ደም እንደ ሹመኛ አይደለም፣ ልታይ ልታይ አይልም፤
የተኛ ሰው ቁልቁለቱ በጀርባው ነው፤ ደም ዳገት አይችልም።
ሰሙ ነጭ ፋሻ ነው፣ ከላይ ደረቅ፣ እንደ ጥጥ አበባ፤
ወርቁ ቀይ ነው፣ የሚፈታው እጅ ከስር ሲገባ።

‹ሐኪሙን ጥሪ። ኦክስጅን። ትራሷ ከፍ እንዳለ ይሁን።
የመተንፈሻ ቧንቧ መክፈቻው ዕቃ የት ነው?› ራስጌዋ፤
ያኖርኩት እኔው ነኝ፤ ለፈተና ስል፤ ሳላምን።
ምቷ መቶ ሃያ ስድስት። ግፊቷ ያው፣ መቶ አስራ ስምንት፤
ግፊት ዘግይቶ የሚመሰክር ነው፤ ቀድሞ የሚጮኸው ልብ ነው፣ በፍጥነት።
‹በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ› ያለ ሰው ገና ግማሹን አየ፤
እንቅርቱ ከወጣ በኋላ ያለውን ሌሊት መች ለየ?

ሐኪሙ ፀጉሩ ተንጨፍሮ፣ ካልሲ ሳያደርግ መጣ፤
ጋሪው በኮሪደሩ ሲሮጥ፣ የዝናቡ ድምፅ እንኳ ታጣ።
እኔ ባዶ አልጋ አጠገብ ቀረሁ። ትራሱ ላይ፣ ከላይ፣ ምንም፤
ገለበጥኩት። ከስሩ ያየሁትን ለማንም አልናገርም።

መምህርቷ አልተቆጣችም። ክንዷ እስከ ክርኑ አረፋ ለብሳ፣
‹መጽሐፉ ውስጥ አለ› አለች፤ ‹አንብበሽዋል፤ ጣትሽ ነው የረሳ።
ነገ ከንፈሬ ዙሪያ ጉንዳን ሄደብኝ ካለች፣ ካልሲየሟን እይ፤
ድምፅዋ ከሻከረ፣ ጣቷ ከተኮማተረ፣ እስኪነጋ አታቆይ፤
እረፍት ያጣ ሰው ስታዪ ‹ጠባዩ ነው› ብለሽ አትለፊ፤
አየር ጎድሎት ይሆናል፣ ወይ ደም፤ መጀመሪያ ያንን ጻፊ።›

በስድስተኛው ቀን ፓስየንሲያ ጂፕኒ ላይ ተሳፈረች፤
በጋዜጣ የጠቀለለችውን ደረቅ ዓሣ እጄ ላይ አኖረች።
ሽታው ከደብተሬ ሦስት ወር አልወጣም።

ፈተናው ላይ ጥያቄ መጣ፤ አራት ምርጫ፣ አንዱን ክበቢ፤
ሀ፣ ግፊቷን ለኪ፤ ለ፣ ማስታገሻ ስጪ፤ ሐ፣ ሰሌዳ አንብቢ፤
መ ላይ ሳልደርስ ግራ እጄን አየሁት፤ ከጠረጴዛው ስር፣
መዳፉ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ አንገት ይፈልግ ነበር።